«አስኮርጃለሁ ብለሽ ፈርሚ»

ልጄን ትምህርት ቤት አልልክም ያልኩ ሴት ነኝ። አዳማ ውስጥ ይህን ጮክ ብሎ መናገር ምን እንደሚያመጣ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። ጎረቤት «ልጅቷን አሟት ነው?» ይላል። የቸርች እህቶች የጸሎት ርዕስ ያደርጓችኋል። የባሌ ዘመዶች ደግሞ ከመቂ ድረስ እየደወሉ «አስተማሪ አገባልን ብለን ስንደሰት ልጃችንን ማይም ልታደርግብን ነው» ይላሉ። እኔም ነገር በሆዴ አላሳድርም፤ ለእያንዳንዳቸው መልስ አለኝ። አንዳንዱን መልስ አሁን ሳስበው ምነው አፌን በያዝኩ እላለሁ።

ሰናይት እባላለሁ። ለዓመታት በአንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። አንድ ቀን ስለ ቅጠል እያስረዳሁ አንዱን ተማሪ «ለምን ይመስልሃል?» ብዬ ብጠይቀው «ቲቸር፣ ለምን የሚለው ፈተና ላይ አይመጣም» አለኝ። ልጁ ባለጌ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የነገረኝ። ያን ቀን ቆረጥኩ። አንዲቷን ልጄን ፌቨንን ሦስተኛ ክፍል ስትጨርስ አስወጣኋት፣ እኔም ሥራዬን ለቀቅኩ፣ ሳሎናችን ክፍል ሆነ።

እኛ ቤት ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ነገር ተምራ ስትጨርስ እኔ ምንም የማላውቅ ሰው ሆኜ «አልገባኝም፣ አስረጂኝ» እላታለሁ። እሷ ታስረዳኛለች። ጥያቄ አበዛባታለሁ፣ አደናግራታለሁ፣ እሷም እስኪገባኝ ድረስ አትለቀኝም። ልጅ ማወቋን የሚያሳየው ይኸው ነው ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ።

ባለቤቴ ታሪኩ እንደ እኔ አይደለም፤ ቁጥብ ነው። መቂ ላይ የመስኖ ፓምፕ ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ አብዛኛውን ሳምንት እዚያው ነው። ፌቨን የስምንተኛ ክፍል እድሜ ላይ ስትደርስ አንድ ምሽት እራት ላይ «ሚኒስትሪ ትፈተን» አለ። ሚኒስትሪ የምንለው ክልላዊውን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው፤ ስሙ ቢቀየርም እኛ አልቀየርንም።

«ልጄን በወረቀት አላስመዝናትም» አልኩት።

«ጎበዝ መሆኗን እኔ አልጠራጠርም» አለኝ። «ግን ከእኔና ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል? ነገ እኛ ብንሞት ምን ይዛ ነው የምትቆመው?»

ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ ተስማማን፤ ማለት እኔ በንዴት «እሺ» አልኩ። ካለፈች ዘጠነኛንም ቤት ትማራለች፣ ማንም ሁለተኛ አይናገረኝም። ከወደቀች ሳሎኑ ሳሎን ይሆናል፣ ልጅቷም ትምህርት ቤት ትገባለች። ያኔ እኔ ያለ ልጄ፣ ያለ ሥራዬ፣ ዘመድ ሁሉ «አላልንሽም?» እያለኝ መቀመጤ ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

ትምህርት ቤት ስለሌላት የተመዘገበችው በግል ተፈታኝነት ነው። የግል ተፈታኞችን ደግሞ ከማታ ተማሪዎች ጋር ደለደሏቸው። ስለዚህ የፈተናው ቀን ጠዋት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ የገባችው ባጃጅ ሾፌሮችና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች፣ ልጅ አዝለው የመጡ እናቶች ሁሉ ያሉበት ክፍል ነው። ልጆቻቸውን በር ላይ ለእህት ለጎረቤት እያቀበሉ ይገባሉ። ፌቨን ዞር ብላ አየችኝ።

«እማ፣ ሁሉም ትልልቅ ናቸው።»

«ምን አገባሽ፣ አንቺ ወረቀትሽን እዪ» አልኳት። የመጀመሪያው ፈተና ሒሳብ ነበር፤ ሒሳብ ደግሞ ትወዳለች።

በሩ ተዘጋ። እኔ ከሌሎች ወላጆች ጋር ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ። የአዳማን የሰኔ ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነው፣ አቧራውን ይዞ ይመጣና ጥርስ ውስጥ ይገባል። ታሪኩ ከመቂ ደወለ። «ገባች?» አለኝ። «ገባች» አልኩት። «አንቺስ ደህና ነሽ?» ሲለኝ «ምን እሆናለሁ» ብዬ ዘጋሁበት።

ብዙም አልቆየ፣ የጥበቃው ሰውዬ ብቅ አለ። «የፌቨን ታሪኩ እናት የታለች?» ብሎ ተጣራ።

«እኔ ነኝ፣ ምን ሆነች? ታመመች?»

«አልታመመችም፤ ቢሮ ትፈለጊያለሽ። ስልክሽን እዚህ ተዪው» አለኝ። ሰውዬው ሌላ ነገር አልነገረኝም፣ እኔም ስልኬን ወርውሬለት ሮጥኩ።

ቢሮው ውስጥ ፌቨን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አላለቀሰችም፣ ከንፈሯ ግን ነጭ ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የመልስ ወረቀት ተገልብጦ ተቀምጧል። በሩ አጠገብ አንዲት ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ፈታኙ ወጣት ነው፣ ከቢሾፍቱ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ፤ ላብ አጥምቆታል።

«ልጅሽ አስኮርጃለች» አለኝ፣ ሰላም እንኳን ሳይለኝ።

«የኔ ልጅ? አታደርገውም።»

«በዓይኔ ነው ያየሁት። ወደ ኋላ ዞራ፣ ለዚህችኛዋ» ወደ ሴትየዋ ጠቆመ፣ «በሰው ፊት፣ ጮክ ብላ ታስረዳታለች። እንደዚህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም።»

ወደ ፌቨን ዞርኩ። «እውነት ነው?»

«አላስኮረጅኩም» አለች። «እትዬ ከኋላዬ ሆና "ቅንፍ ያለበት አልገባኝም፣ እንዴት ነው የሚሠራው?" አለችኝ። አስረዳኋት። መልሱን አልነገርኳትም፤ ከውጭ ያለው ቁጥር ውስጥ ላሉት ለሁለቱም እንደሚባዛ ነው የነገርኳት።»

ወገኖቼ፣ ያኔ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ በየቀኑ «አልገባኝም፣ አስረጂኝ» የምላት እኔ ነኝ። ልጄ ፈተና ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ያንኑ ቃል ከሰው አፍ ስትሰማ፣ እንደ ልማዷ ዞራ ማስረዳት ጀመረች። ሌላ ልጅ ቢሆን አንገቱን ይደፋል፣ ወይም በጣቱ መልሱን ያሳያል። እንደዚህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ከእኔ ቤት የወጣ ልጅ ብቻ ነው።

ፈታኙ አንድ ወረቀት ወደ እኛ ገፋ። «እንግዲህ ጊዜ የለም፣ ክፍሉን ለጓደኛዬ ትቼ ነው የመጣሁት። አስኮርጃለሁ ብላ ትፈርምና ትመለስ። ይቺኛዋ ፈርማለች። ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ካልፈረመች ግን ወረቀቷ እዚህ ይቀራል።»

«ፌቪ፣ ፈርሚ» አልኳት።

«አልፈርምም።»

«ምን አልሽ?»

«አላስኮረጅኩማ። አስረድቻለሁ ብሎ ይጻፈውና እፈርማለሁ።»

«ያው ነው» አለ ፈታኙ።

«ያው አይደለም» አለችው።

ደሜ ፈላ። ውጭ ያለው የግድግዳ ሰዓት ከዚህ ቢሮ በመስኮት ይታያል፣ እኔ እሱን እያየሁ ነው። ክፍል ውስጥ ሌላው ሰው እየሠራ ነው፣ የእኔ ልጅ ወረቀት ግን ተገልብጦ ተቀምጧል። ጠጋ ብዬ ክንዷን ጨምድጄ ያዝኳት። «አንቺ ልጅ፣ የቃላት ትምህርት አሁን አይደለም። ፈርመሽ ግቢ። ከወደቅሽ ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እማ፣ ውሸት ነው» አለችኝ። «ውሸት ላይ ስምሽን አታስቀምጪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

እጄ ተነሥቶ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልጄን መትቼ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን እጄ አየር ላይ ደርሶ ተመለሰ። በሩ አጠገብ ያለችው ሴት «ተይ እህቴ፣ በእኔ ምክንያት ነው» አለችኝ። ጫልቱ ትባላለች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ የመስመር ተቆጣጣሪ ለመሆን ስምንተኛን ማለፍ ነበረባት። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያኔ ግን ልጄን ገደል የከተተች ሴት ብቻ ናት፣ ዞሬም አላየኋት።

ወደ ፈታኙ ሄድኩ። «ልጅ ናት፣ አልገባትም። እናቷ ነኝ፣ እኔ ልፈርምላት።»

ትንሽ አሰበና «እሺ፣ አንቺ ፈርሚ» አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ከኋላዬ ፌቨን «እማ፣ ተዪ» ስትል እሰማለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውን አንድ መስመር እንኳን አላነበብኩም፤ የፊርማውን ቦታ ብቻ ነበር የምፈልገው።

በሩ ተከፈተ። የፈተና ጣቢያው ኃላፊ ኦቦ ገመቹ ገቡ። ሸበቶ፣ ረጅም፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሁላችንንም በየተራ አዩና እኔ ላይ ቆሙ።

«ምን ላይ ነው የሚፈርሙት?»

«ልጄ እንድትመለስ ነው፣ አባባ። ማስጠንቀቂያ ነው አሉኝ።»

«አንብበውታል?»

«አላነበብኩትም።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ከዚያ ወደ ፈታኙ ዞሩ። «ይህን ማስጠንቀቂያ ነው ብለህ ነው የሰጠሃቸው?»

«አዎ ኦቦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ በዚሁ ይለፉ ብዬ ነው።»

«ይኼ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ኮርጃለሁ፣ አስኮርጃለሁ ብሎ በፊርማው ያመነ ተፈታኝ ውጤቱ ይሰረዛል። የዛሬው ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ትምህርት።»

እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ እኮ አፍስሼ ልለቅመው የማልችለውን ነበር የማፈሰው። ወጣቱ ፈታኝም ፊቱ ጠቆረ። «አላወቅሁም» አለ፣ «እውነት አላወቅሁም።»

ያኔ ከበሩ አጠገብ ዝግ ያለ ድምፅ መጣ። «እኔ ግን ፈርሜያለሁ» አለች ጫልቱ። ሻርፗን ለቀቀችና ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለች።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ደቂቃ ውስጤ ያለው «የኔ ልጅ ተረፈች» የሚል ብቻ ነበር። ኦቦ ገመቹ ወንበር ስበው ከፌቨን ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ምን አደረግሽ?»

ለእኔ የነገረችኝን ደገመችላቸው።

«ክፍል ውስጥ መነጋገር ክልክል መሆኑን አልሰማሽም?»

«መኮረጅም ማስኮረጅም ክልክል ነው ነው የተባለው። ማስረዳት አልተባለም።»

«የት ነው የምትማሪው?»

«ቤት።»

«ከማን ጋር?»

«ከእማ ጋር።»

«ሌላስ ተማሪ?»

«የለም። እኔ ብቻ ነኝ።»

«ከዚህ በፊት ፈተና ክፍል ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«ከሦስተኛ ክፍል ወዲህ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁና እኔን አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡኝም፤ እኔም ዓይኔን ሰበርኩ።

«አንቺ አልፈረምሽም፣ ትመለሻለሽ» አሏት። «ከእንግዲህ ግን አፍሽን አትክፈቺ።»

እኔ ክንዷን ይዤ ወደ በሩ ልስባት ስል ፌቨን አልተነቃነቀችም። «እትዬስ?» አለች።

«እሷ ፈርማለች።»

«ግን እኔ ካላስኮረጅኩ እሷ ከማን ነው የኮረጀችው?»

ፌቨን እኔን ትታ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። «ወረቀቶቹን ይዩዋቸው። ቅንፍ ያለበት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። መልሱን ብነግራት ኖሮ ታጠቁረው ነበር።»

ሁለቱን የመልስ ወረቀት ገልብጠው ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። የፌቨን ጠቁሯል። የጫልቱ ባዶ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉትም ቢሆኑ አብዛኞቹ ከፌቨን ጋር አይገጥሙም። ፈታኙ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየና «ገና ስታስረዳት ነው የያዝኳቸው» አለ።

«ታዲያ ምኑ ተኮረጀ?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

ጫልቱ የፈረመችበትን ወረቀት አንሥተው አዩት፣ ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቋት። «ፈርቼ ነው» አለች በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማው ይመስለኛል። «ፈርሚ ሲሉኝ እፈርማለሁ። ፋብሪካም ውስጥ እንደዚያው ነው።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀደዱት። አዲስ ወረቀት አውጥተው በእጃቸው ጻፉ። «ተነጋግረዋል፣ አልተኮራረጁም፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል» ይላል። ወደ ፌቨን አቀበሏት። እኔ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ በውስጤ እጮኻለሁ፤ ልጄ ግን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ ቀኑን ሳይቀር። «ይኼ ልክ ነው» አለችና ፈረመች። ጫልቱም ተቀበለቻት፤ በጣቷ እየተከተለች፣ ቃል በቃል አንብባ ፈረመች። ከዚያ ፌቨንን ከፊተኛው ወንበር፣ ጫልቱን ከመጨረሻው እንዲያስቀምጧቸው ታዘዘ።

በሩ ላይ ኦቦ ገመቹ እኔን አስቀሩኝ። «አዴ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት» አሉኝ። «ጥሩ አስተምረዋታል። ክፍል ውስጥ ከኋላዋ ሰው እንደሚኖር ግን የነገራት የለም።»

አመሰግናለሁ ማለቴን እንኳን እንጃ። ወጥቼ ስልኬን ስቀበል ታሪኩ ደጋግሞ ደውሏል። አንሥቼ «ደህና ናት» ብዬ ስጀምር እንባዬ መጣ፤ ምን እንደሆንኩ ሳይገባው መቂ ላይ ሆኖ ያባብለኛል።

ስትወጣ ሮጬ ተቀበልኳት። «ጨረስሽ?»

«ያልደረስኩባቸው አሉ» አለችኝ። ቁጥሩን አልጠየቅኳትም፤ ፊቷ ነግሮኛል። እኔ ሳሎኔን፣ ወንበሯን፣ የባሌን ዘመዶች አሰብኩ። እሷ ግን እኔን አታይም፤ ከሚወጣው ሰው መሀል ጫልቱን ትፈልጋለች። አየቻትና «እትዬ፣ አሁን ላስረዳሽ?» አለቻት። አሁን ማንም አይከለክላቸውም። አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብለው አቧራው ላይ በእንጨት መጻፍ ጀመሩ።

«ለምንድነው ለሁለቱም የሚባዛው?» አለች ጫልቱ።

ፌቨን ደንቡን ታውቀዋለች፤ «ለምን» ብዬ ግን በዚያ ላይ አደናግሬያት አላውቅም። እኔ ልመልስ ጎንበስ ስል «ቆይ እማ» ብላ እጇን ዘረጋችብኝ። ልብስ ሰፊዋን አየች፣ አቧራውን አየች። «እጅጌ ትሰፊያለሽ አይደል?» አለቻት። «አንድ ሸሚዝ ሁለት እጅጌ አለው እንበል፣ አንድ ኪስም አለው። አምስት ሸሚዝ ስትሰፊ እጅጌውን ብቻ ነው አምስት ጊዜ የምትሰፊው?» ጫልቱ ሳቀች። «ኪሱም አለ እንጂ» አለች። ልጄ ያን ጊዜ የነበራት ፊት፣ እኔ ፊት ለፊት ስትቀመጥ አይቼው የማላውቀው ነው። ደስ ብሏት ነበር፤ እኔን ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ከፋኝ።

ውጤት ሲመጣ ፌቨን አለፈች። ሒሳቡ ዝቅ ብሏል፣ ሌላው ግን አንሥቶታል። ጫልቱም አልፋለች፤ ለጥቂት ነው። እኔ መቂ ደውዬ ለእያንዳንዱ ዘመድ ቀስ ብዬ፣ ጥርሴን እያሳየሁ ነገርኩት። ታሪኩም ቃሉን አከበረ። «በቃ፣ ዘጠነኛንም ቤት ትማር። ሁለተኛ አፌን አልከፍትም» አለ እራት ላይ።

ፌቨን ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ዘጠነኛን ትምህርት ቤት መግባት እፈልጋለሁ» አለች።

«አልፈሻል እኮ» አልኳት፣ የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ። «አሸንፈናል።»

«አውቃለሁ። ግን እማ፣ እዚህ "አልገባኝም" የምትይኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ደግሞ ገብቶሻል።»

እኔ፣ ለሁሉም መልስ የነበረኝ ሴት፣ ተነሥቼ ኩሽና ገብቼ የታጠበ ሳህን አጠብኩ።

እናንተ ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ ወላጆች፣ ብዙዎቻችሁ «ይፈተኑ ወይስ አይፈተኑ?» ትሉኛላችሁ። ይፈተኑ እላለሁ፤ ዛሬ ይህን የምለው አላስፈትንም ብዬ ያን ሁሉ የተጨቃጨቅኩት እኔው ነኝ። ወረቀት ልጄን አልመዘናትም፣ እሱ ላይ አሁንም አልተሸነፍኩም። ግን ለፈተናው ባልወስዳት ኖሮ ከእኔ ሌላ የሚጠይቃት ሰው አታገኝም ነበር። ከመላካችሁ በፊት እዚያ መርዳት ወንጀል የሚሆንበት ሰዓት እንዳለ ንገሯቸው፤ እኔ ሳልነግራት ነው የላክኋት። ያላነበባችሁት ላይ አትፈርሙ፣ በተለይ ልጃችሁ «ተዪ» እያለቻችሁ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ልጃችሁን ወስዳችሁ በር ላይ ስታስገቡ፣ በወጣች ጊዜ ወደ እናንተ ብቻ የምትሮጥ ልጅ ትመለሳለች ብላችሁ አትጠብቁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርም ለብሳ በባጃጅ ትሄዳለች። እኔ ሳሎን ብቻዬን ስቀር ቤቱ ይሰፋብኛል። ማታ ስትመለስ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ማን ምን እንደጠየቃት ትነግረኛለች፤ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ግማሹ አይገባኝም፤ አሁን እያስመሰልኩ አይደለም።